«አረሙን የበላ ፈንገስ ነገ ጤፋችንን ይበላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

እምቦጭን ወይም ፓርቲኒየም የተባለውን የማሳ አረም በሽታ አምጪ ፈንገስ በመጠቀም ስለመቆጣጠር ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ጎጃም ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ክርክር ይህ ነው። ገበሬ ቢለው አይፈረድበትም፤ ዋግ የመታውን ስንዴ በዓይኑ አይቷል። የተማረ ሰው በየስብሰባው ሲደግመው ግን ያደክማል፤ መልሱ እዚያው ማሳ ላይ አለና። ቢጫ ዋግ ስንዴውን ሲፈጀው ከድንበሩ ማዶ ያለው ጤፍ ምን ሆነ? ምንም። ጤፍ የራሱ ዋግ አለው፤ እሱ ደግሞ ስንዴን አይነካም።

የዋግ ፈንገሶች ሕያው ተክል ካላገኙ አያድጉም፤ ለአብዛኞቹ የሚስማማቸውም አንድ ተክል ወይም ጥቂት ዘመዶቹ ብቻ ናቸው። እንዲያውም ይህ መራጭነታቸው የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። አውስትራሊያ በ1971 እ.ኤ.አ. «ስኬለተን ዊድ» በሚባለው የስንዴ ማሳ አረም ላይ ፑክሲኒያ ኮንድሪሊና የተባለውን ዋግ ለቀቀች። ቅጠለ ጠባቡ ዓይነት ክፉኛ ተመታ። የዚያው አረም ሌሎች ሁለት ዓይነቶች ግን ስላልተያዙ ቦታውን ወርሰው ተስፋፉ።

ፈንገስ ሁሉ እንዲህ መራጭ ነው ማለት አይደለም። ስክለሮቲኒያ የተባለው ፈንገስ ከ400 በላይ የተክል ዝርያዎችን ያጠቃል፤ እምቦጭ ላይ ቢገኝ እንኳ ለመርጨት አይታሰብም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ይሄኛው ፈንገስ ማንን ይይዛል?» ተብሎ ነው፤ ይህም የሚታወቀው በሙከራ ነው።

የሚፈተኑት ተክሎች ከአረሙ የቅርብ ዘመድ ተነስተው ወደ ሩቁ ይደረደራሉ። ለእምቦጭ ውሃ አንቁር ይቀድማል፤ ሙዝ፣ እንሰትና ዝንጅብል ይከተላሉ፤ በዘር ከጤፍ ይልቅ እነሱ ይቀርቡታል። ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ የሚጨመሩት የሰው ኑሮ ስለሆኑ ነው። ለፓርቲኒየም ሲሆን ግን ኑግና ሱፍ ከፊት ይሰለፋሉ፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። እዚህ ላይ የጎጃም ገበሬ የሚሰጋ ከሆነ ከጤፉ ይልቅ ለኑጉ ይስጋ።

የሙከራው አሠራር ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሸውም በትንሽ ነገር ነው። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ስፖር (የፈንገስ ዘር) ያለው ውሃ ይዘጋጃል፤ ጠብታው ቅጠል ላይ እንዲዘረጋ 0.05 በመቶ ትዊን 20 ይገባበታል። ከእያንዳንዱ ተክል ቢያንስ 5 ማሰሮ ይረጫል፤ ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ የሚረጩ ማሰሮዎችም ይቀመጣሉ። ከዚያ በላስቲክ ተሸፍነው በ25 ዲግሪ ለ24 ሰዓት እርጥበቱን ጠብቀው ይቆያሉ። በየዙሩ እምቦጩ ራሱ መካከላቸው መኖር አለበት፤ እሱ ካልታመመ ሙከራው ይጣላል። ላስቲኩ ተቀዶ ቅጠሉ በመድረቁ ብቻ «ጤፍ አልተያዘም» የሚል ውጤት ሊመዘገብ ይችላል፤ እንዲህ ያለው የሐሰት ደኅንነት ከሁሉም የከፋ ነው። ምልክት ያልታየበት ቅጠልም ላዩ በተበረዘ በረኪና ታጥቦ በፈንገስ ማብቀያ ምግብ ላይ ይቀመጣል፤ ፈንገሱ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። (ዋግ ግን በብልቃጥ አይራባም፤ ቅጠሉ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።)

«ፈንገስ ሁሉ መርዝ ነው።» የዳቦው እርሾም ፈንገስ ነው።

«በፈንገሱ ላይ የሚደረግ የ2 ዓመት የድኅረ ዶክትሬት ጥናት ሲያልቅ መድኃኒቱ ይወጣል።» 2 ዓመት ፈንገሱን ለመለየት፣ በሽታውን ያመጣው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥና የመጀመሪያውን ፍተሻ ለመጨረስ ቢበቃ ነው። ጣና ላይ ለመልቀቅ አይበቃም።

«ከተረጨ በሳምንት ድራሹ ይጠፋል።» እምቦጭ ሲመቸው በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ፈንገሱ አሮጌውን ቅጠል ከውጭ ሲበላ አረሙ ከመሐል አዲስ ያወጣል፤ የሚያሸንፈው የፈጠነው ነው። ከማሳ ታጥቦ ሐይቅ የሚገባ ዩሪያ ለአረሙ ያግዛል። ነቀዝ መሰሉ የኒዮኬቲና ጥንዚዛ ቅጠሉን ሲያቆስል ደግሞ ለፈንገሱ በር ይከፍታል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ የሚጠበቀው አረሙ እንዲሳሳ ነው።

«ተረጭቶ አልሠራም፤ እንግዲህ ውሸት ነው።» መቼ ተረጨ? በምን መርጫ? ስፖር በቅሎ ቅጠሉን እስኪበሳ ድረስ ለብዙ ሰዓት እርጥበት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ8 እስከ 24 ሰዓት። ጠዋት 3 ሰዓት የተረጨውን ረፋድ ላይ ፀሐይ ያደርቀዋል። የሚረጨው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ጤዛ በሚጥልበት ወቅት ነው፤ የሐምሌ ዶፍ ያጥበዋል፣ የበጋ ደረቅ ሌሊት ያከስመዋል። ጥቂት የምግብ ዘይት በደንብ ተመትቶ ሲቀላቀልበት እርጥበቱን ያቆያል። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ስፖሩን ሊጎዳ ስለሚችል በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ ይደር። ድብልቁ በነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ አለበለዚያ የመርጫው አፍንጫ ይደፈናል። ትናንት ለድንች ማንኮዜብ የተባለ የፈንገስ ማጥፊያ የተረጨበት መርጫ ደግሞ በሳሙና ተደጋግሞ ካልታጠበ ፈንገሱን ገና ታንከሩ ውስጥ እያለ ይገድለዋል።