ቀብድ ከተሰጠ በኋላ ሐሳብ ቢቀየርስ?

መርካቶ ሶፋ ተከራክረው 40,000 ብር ላይ ተስማሙ እንበል፤ 5,000 ብር ቀብድ ሰጡ። ብዙ ሰው ይህን ዕቃው እንዳይሸጥበት ማስያዣ ብቻ ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ከቁጥር 1883 ጀምሮ) ግን ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። "ገና አልተዋዋልንም እኮ" ማለት አያዋጣም።

እርስዎ ከተዉት 5,000ው ቀረ። ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን፣ 10,000 ብር ይመልሳል። ይቺኛዋን ብዙ ገዢ አያውቃትም፤ "ቀብድህን እንካ" ሲባል ተቀብሎ ይሄዳል። ያሳዝናል። ግዢው ካለቀ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል። በመካከላችሁ ሌላ ስምምነት ካለ ግን የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ተብሎ መጻፉን ሳያዩ ከሱቁ አይውጡ።