ሴራሚክ ኢምፕላንት ቆሎ ይችላል? ጎንደር ላይ የሚወራውና እውነታው

ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ከውጭ በመጡ ዘመዶች ትሞላለች። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ጥርስ ክሊኒክ ለምንሠራው ጥያቄው ይመጣል፦ «አሜሪካ ያለችው እህቴ ነጩን አስተከለች፤ እውነት ይበረታል?» ነጩ ኢምፕላንት (የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ዚርኮኒያ ከሚባል ሴራሚክ የሚሠራ ነው። እንደ ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባና ላዩ ላይ ክራውን፣ ማለትም የጥርስ ቅርጽ ያለው ሽፋን፣ ይደረግበታል። ስለ ጥንካሬው የሚወራው ግን ወይ ያለ ልክ ያስፈራል፣ ወይ ያለ ልክ ያስተማምናል።

«ሴራሚክ ስለሆነ እንደ ስኒ ይሰበራል»

ወለቃ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሸክላና ይህ ኢምፕላንት ሁለቱም በእሳት ያለፉ ናቸው፤ ዝምድናቸው እዚያው ያበቃል። ሸክላ አንዴ ከነቃ የሚያስቆመው የለም። ዚርኮኒያ ላይ ስንጥቅ ሲጀምር ግን ጫፉ አካባቢ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ቅርጻቸውን ለውጠው 4 በመቶ ገደማ ያብጣሉ፤ እብጠቱም ስንጥቁን ከግራና ከቀኝ ተጭኖ ይገታዋል። ለማጠፍ የሚሞክርን ኃይል ከ900 እስከ 1,200 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ድረስ ይቋቋማል። ስሙን ያጠፉት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይተከሉ የነበሩት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ከሚባል ሌላ ሴራሚክ የተሠሩ ነበሩ፤ ጥንካሬያቸው የዚህ ግማሽ ገደማ ስለነበር እየተሰበሩ ከገበያ ወጡ። ሐሜቱ ግን ለዚርኮኒያ ተረፈ።

«ከቲታኒየም ይበልጣል፤ ዕድሜ ልክ ነው»

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ሻጭ ነው። መጠንከር አንድ ነገር ነው፣ አሰባበር ሌላ። ቲታኒየም፣ የተለመደው ኢምፕላንት የሚሠራበት ብረት፣ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ጎበጥ ሊል ይችላል፤ ክራውኑን የያዘው ብሎን ሲላላም ታካሚው «ተነቃነቀብኝ» ብሎ ይመጣል። ዚርኮኒያ አይጎብጥም። ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን ቋ ብሎ ይሰበራል።

ቲታኒየም ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ለመጀመሪያው ታካሚ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ዛሬ ዕድሜው 60 ደርሷል። የዚርኮኒያ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ታካሚዎቻቸውን ከ5 እስከ 10 ዓመት የተከታተሉ ናቸው። ውጤታቸው ጥሩ ነው፤ ሆኖም የ10 ዓመት ማስረጃ ይዞ ዕድሜ ልክ ማለት ድፍረት ነው።

እርጅናም አለ። ስንጥቅ የሚገታው ያው የክሪስታል ለውጥ፣ በእርጥበት ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ሳይፈለግ ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዚርኮኒያ የተሠሩ የዳሌ መገጣጠሚያ ኳሶች በታካሚዎች ሰውነት ውስጥ እየተሰበሩ ከገበያ ተሰብስበዋል። ምክንያቱ ሲጣራ አንድ አምራች የሚያቃጥልበትን ምድጃ ቀይሮ ተገኘ። ስለዚህ «ዚርኮኒያ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ማን እንደሠራው ይጠየቃል።

«ቀጭንም ወፍራምም ያው ነው፤ ካስቸገረ ይሞረዳል»

ስብራት በብዛት የታየው 3.3 ሚሊሜትር ገደማ በሆኑት ቀጫጭኖች ላይ ነው። መሞረዱ ደግሞ ይብሳል። ዚርኮኒያ በአልማዝ ቡር (በሚሽከረከረው የጥርስ መሞረጃ ጫፍ) ሲፋቅ ውሃው ካነሰ ከቡሩ ሥር ብልጭታ ይታያል፤ ያ ሙቀትና ፍቀት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ትቶ ይሄዳል። አምራቹ ካልፈቀደ አይነካም።

«እንደ ራሴ ጥርስ ነው»

አንድ አባባ «ልጄ፣ ሽምብራ ቆሎ ከከለከልሽኝ ምኑን ተከልሽልኝ?» አሉኝ። ቆሎ አልከለክልም፤ የምፈራው ቆሎው ውስጥ ያለውን ጠጠር ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ነርቭ ባለው ስስ ጅማት ስለሆነ፣ ጠጠር ሲነካ አፋችን ሳናስብ ይከፈታል። ኢምፕላንት አጥንት ላይ ስለሚጣበቅ ያ ስሜት የለውም፤ እስክናውቀው ድረስ ነክሰን ጨርሰናል። የመንጋጋ ጥርስ ደግሞ ከ500 እስከ 700 ኒውተን ሊነክስ ይችላል፤ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ክብደት እንደማለት ነው። ኢምፕላንት 30 ዲግሪ ተጋድሞ እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ እየተጫነ ይፈተናል፤ የዳሸን ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ግን ፈተናው ውስጥ የለም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሌሊት ጥርስ ማፋጨት ነው። ሚስት ወይም ባል «ታፋጫለህ፣ ታፋጫለሽ» ካሉ፣ ሳይተከል በፊት ለሀኪሙ ይነገር፤ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ ይሠራል።

«አጥንት አይቀበለውም»

ይቀበለዋል። የዛሬዎቹ ገጻቸው ሻካራ ተደርጎ ስለሚሠራ አጥንት ይይዛቸዋል፤ ወራት መታገስ ብቻ ነው።

«ቢሰበር ይጠገናል»

ክራውኑ ከሆነ ይቀየራል። አጥንት ውስጥ ያለው ከተሰበረ ግን ዙሪያውን ተሰርስሮ ይወጣል፤ ቦታው እስኪድን ተጠብቆ እንደገና ይጀመራል። ውጭ አገር አስተክለው የሚመጡትን ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲተከል የተሰጣችሁን ካርድ። የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ እሱ ላይ ነው ያለው። ያለ እሱ ራጅ አንስተን ነጭ ብሎን እናያለን እንጂ የትኛው መፍቻ እንደሚገባበት አናውቅም። ካርዱ ቤት ከቀረ ፎቶውን በቴሌግራም ያስልኩት።