ከጠለቃ በኋላ ዝላይ ለምን ይዘገያል?
ከውጭ ሠራዊት ጋር በሚደረግ የፓራሹትና የጠለቃ ስልጠና ላይ፣ በፓራሹት ወርዶ ወዲያው መጥለቅ እየተቻለ ጠልቆ ወዲያው መዝለል ለምን እንደሚከለከል ደጋግሞ ይጠየቃል።

ጠላቂው የታመቀ አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ ይሟሟል፤ ከውኃው ከወጣም በኋላ ከሰውነቱ ለመውጣት ሰዓታት ይፈጅበታል። በዚህ መሃል አውሮፕላን ቢሳፈር፣ የአየሩ ግፊት ከከፍታው ጋር ስለሚቀንስ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ናይትሮጅኑ አረፋ ሊሠራና መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ ሲብስም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ይህ በየትኛውም ሠራዊት አንድ ነው፤ የሚለያየው የመቆያው ሰዓት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንደ ጠለቃው ጥልቀትና ቆይታ፣ እንደ በረራውም ከፍታ ከሰንጠረዥ ያወጣዋል፤ ለሲቪሎች የተለመደው ምክር ደግሞ ከአንድ ተራ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከአንድ ጠለቃ የወጣ ሲቪል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በፊት አይሳፈርም። በጋራ ስልጠና የማን ሰንጠረዥ እንደሚሠራበት (ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ይመስለኛል) አስቀድሞ መወሰን አለበት።