«ሆዳም ስለሆነች ነው» እና ሌሎች ስለ ርሃብና ስለ ማቅጠኛ መርፌ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በቅርቡ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ነበርኩ። አንዲት ጓደኛዬ እንጀራዋን ሳታጋምስ እጇን ሰበሰበች። ማዕዱን የከበበው ሰው ሁሉ «አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ!» እያለ ጉርሻ ዘረጋላት። ዘወር ስትል ደግሞ ሹክሹክታው ተጀመረ። «መርፌውን ጀምራለች መሰለኝ።» «ሆዷን መግዛት ቢያቅታት ነው እንጂ!» በማግስቱ ደወለችልኝና አለቀሰች። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ ለሚያሟትም ነው።

«የወፈረ ሁሉ ሆዳም ነው፤ መርፌ የሚወጋ ደግሞ ሰነፍ»

በጣም ስለሚያመኝ ከዚህ ልጀምር። ሆዳም በእኛ ቋንቋ ከባድ ስድብ ነው። ለሆዱ ሲል ወዳጁን የሚሸጥ ሰው ነው የሚባልበት። የምግብ ፍላጎት ግን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ ይህም ለአንጎል «በቃ፣ ጠግበናል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ክብደት ስንቀንስ ደግሞ ሰውነት ዝም ብሎ አያየንም። ጥጋብን የሚያበስረው ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ርሃብን የሚቀሰቅሰው ግረሊን ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ጥናት እዩት። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ግድም ተቀነሰባቸው። ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲያነቡ የሚያመሹ ነበሩ። ጥናቱ አልቆ እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ቢበሉ ቢበሉ አልጠግብ አሉ። እነዚህ ሰዎች ተመርጠው የገቡ፣ አእምሯቸውም አካላቸውም የተመረመረ ነበሩ። ማን ነው እነሱን ሆዳም የሚላቸው?

ሰውነታችን የሚሠራው ጂኤልፒ-1 በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ኦዜምፒክና ዌጎቪ በሚባሉት መርፌዎች ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ሴማግሉታይድ፣ የእሱ አምሳያ ነው። ሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በሳምንት አንዴ ይወጋል። ኦዜምፒክ አሜሪካ ውስጥ በ2017 የተፈቀደው ለስኳር በሽታ ነው። ዌጎቪ በ2021 ለክብደት ተፈቀደ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚውጥን ሰው «ሰነፍ» አንለውም። እዚህ ላይ ምን ለየው?

«መርፌው ስብ ያቃጥላል»

አያቃጥልም። የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል። የምንከሳው ትንሽ ስለምንበላ ነው። ስንከሳ ደግሞ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮቲንና ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ የግድ ነው።

«ሰውነትን አዳምጦ መብላት ማለት ያሻን መብላት ነው»

ኢንቲዩቲቭ ኢቲንግ የሚባለውን አካሄድ በ1995 ያስተዋወቁት ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ናቸው። እኔ «ሰውነትን አዳምጦ መብላት» እለዋለሁ። ሐሳቡ ሲራብ መብላት፣ ሲጠግቡ ማቆም፣ ምግብን «የተፈቀደ» እና «የተከለከለ» ብሎ አለመፈረጅ ነው። ማዳመጥ ያልኩት ደግሞ እውነተኛውን ርሃብ ከሌላው መለየትን ይጨምራል።

በዚህ በኩል አማርኛ ይረዳናል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስንል ራበኝ ማለታችን አይደለም። ናፍቆት ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ የሆነ ቅር የሚል ነገር ነው። በተለይ ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ማታ ከሥራ ገብቶ፣ ባዶ ቤት ተቀምጦ፣ ድስቱን ከነክዳኑ ወደ ሶፋው ያመጣል። ያን ስሜት ምግብ ለጊዜው ያስታግሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ሰውነቱን ማዳመጥ የለመደ ሰው በዚያች ደቂቃ «አሁን የራበኝ ምኔ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ቢበላም ራሱን አይረግምም።

ለእኛ ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እኛ ቤት «ጠግቤያለሁ» ያለ እንግዳ አይታመንም። ልጅም ሰሃኑን ካልጨረሰ ከማዕድ አይነሳም። ጉርሻን እወዳለሁ፤ ፍቅር ነው። ግን የልጅን «በቃኝ» ማመንም ፍቅር ነው።

ሌላም ልጨምር፦ አዳምጦ መብላት የማቅጠኛ ዘዴ አይደለም። የሚከሳ አለ፣ የሚወፍር አለ፣ ባለበት የሚቆይም አለ። ለመክሳት ብሎ የሚጀምረው ሰው ዞሮ ዞሮ ዳይት ላይ ነው ያለው።

«መርፌውን እየወሰድኩ ሰውነቴን አዳምጣለሁ፤ ካልራበኝ አልበላም»

ጓደኛዬ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነበር። መርፌው የርሃብን ድምፅ ዝቅ አድርጎታል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይሰማም። ሰውነት ምግብ ሳያስፈልገው ቀርቶ አይደለም። እሷ እስኪርባት ስትጠብቅ ቀኑን በቡናና በሁለት ቴምር ታሳልፍ ነበር። ራሷን አዞራት፣ ሆዷ ደረቀ፣ አቅም አጣች።

ስለዚህ መርፌ ላይ ያለ ሰው ርሃብን ሳይሆን ሰዓትን አይቶ መብላት ሊኖርበት ይችላል። ጥቂት ጥቂት፣ ፕሮቲኑን በማስቀደም። እንቁላል፣ እርጎ፣ ዓሣ፤ በጾም ከሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ። ውኃም ሳይጠሙ መጠጣት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም ሳይቀምስ የሚጾም ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት ደርቦ የሚወስድ ከሆነ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር።

ጥጋብ ግን አሁንም ይሰማል፤ እንዲያውም ጎልቶ። አልፈውት ከበሉ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላል። በግብዣው ላይ እጇን የሰበሰበችው ለዚህ ነበር። እንደ ደንቡ ከሆነ ሰውነቷን እያዳመጠች ነበር።

መርፌውና ሰውነትን አዳምጦ መብላት ጠላት ናቸው የሚሉም አሉ። አይመስለኝም። ጭንቅላቱ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ሲያወራበት ለኖረ ሰው፣ ያ ወሬ ጋብ ሲል ማዳመጥ የሚቻልበት ፋታ ይገኛል። ከዚህ በፊት ራሱን በርሃብ የቀጣ ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው ግን ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መርፌ መጀመር የለበትም።

«ክብደቱን ቀንሼ አቆማለሁ»

በ2021 ይፋ የሆነው አንድ ትልቅ የሴማግሉታይድ ጥናት 1961 ሰዎችን ያካተተ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ቀነሱ። ካቆሙ በኋላ ለአንድ ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አገኙት። ይህ የእነሱ ድክመት አይደለም፤ ርሃቡ ተመለሰ። ስለዚህ «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ከመጀመር በፊት መጠየቅ ይሻላል።

«ሻይውም፣ ክኒኑም፣ በሻንጣ የመጣውም ያው ነው»

አይደለም። «የዕፅዋት ነው» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በተደጋጋሚ ሲቡትራሚን አግኝቷል። ይህ መድኃኒት ለልብ አደገኛ ሆኖ በ2010 ከገበያ የወጣ ነው። መርፌውም ቢሆን የሐሰት አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጁን 2024 በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ መገኘቱን አስጠንቅቋል። እውነተኛው ደግሞ እስኪከፈት ድረስ በፍሪጅ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ለእህቴ ልላክላት ብላችሁ በሻንጣ ስትከቱት ይህን አስቡ። መጠኑም ከትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፤ በሌላ ሰው መጠን መጀመር አይቻልም። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። ወደ ጀርባ የሚሰማ፣ የማይለቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከመጣ የቆሽት (ፓንክሪያስ) መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።