«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ»፦ አነጋገሩና የእርሾ ሕዋስ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እህል ከሚሰፈርበትና ከዕቃ ወደ ዕቃ ከሚገለበጥበት የገበሬ ቤት እንደ ወጣ ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ። ከአቁማዳ ወደ ቁና የሚገለብጥ ሰው የዕቃውን አፍ ሳያስተካክል ከተጣደፈ እህሉ መሬት ላይ ይበተንበታል። ሽምብራ ወይም ባቄላ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ፍሬ በፍሬ ይለቅማል፤ ጤፍ ከሆነ ግን ከአፈሩ ለመለየት መንፋትና ማንገዋለል ይጠብቀዋል፣ ያም ሆኖ የተወሰነው ሳይገኝ ይቀራል። ዛሬ አነጋገሩ ውሉን ሳያነብ ለፈረመ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ለገዛና ሳያጣራ ለወሰነ ሰው ሁሉ ይጠቀሳል።

ብዙዎች ትርጉሙን «ቀስ በል» ከማለት አያሳልፉትም። በእኔ አስተያየት ይህ አተረጓጎም አነጋገሩን ያሳንሰዋል፤ ምክንያቱም እጁ ፈጣን ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ ሰፋሪ አያፈስም፣ የሚያፈሰው የመጀመሪያው ሥራ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው የተሻገረው ነው። ይህን ልዩነት በቤተ ሙከራ ተፈትኖ ለማየት የሚሻ ሰው የእርሾን ሕዋስ አከፋፈል ቢመለከት ይበጀዋል።

በዳቦ ሊጥና በጠጅ ውስጥ የሚገኘው ሳካሮማይሰስ ሰረቪሲየ የተባለው እርሾ ፈጣን ፍጡር ነው፤ ምግብ ካልጎደለው በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በ90 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሕዋስ ሁለት ይሆናል። በዚያ አጭር ጊዜ በ16 ክሮሞዞሞች ላይ የሰፈረውን 12 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ጥንድ ፊደላት አንድ ጊዜ ብቻ መቅዳት፣ ቅጂዎቹን ለሁለቱ ወገኖች እኩል ማካፈልና ከዚያ መለያየት አለበት። ቅደም ተከተሉን የሚያስጠብቁት ፕሮቲን ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ካይኔዝ ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ሞለኪውል ላይ አንድ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ቅርጹና ጠባዩ ስለሚለወጥ ሥራ ይጀምራል፣ ያቆማል ወይም እንዲፈርስ ይመደባል።

የእነዚህ ኢንዛይሞች ማንነት የታወቀው በአመዛኙ የተበላሹ እርሾዎችን በመመርመር ነው። ሊላንድ ሃርትዌል በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በመጠነኛ ሙቀት የሚያድጉ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ግን በሕዋስ ዑደታቸው አንድ ቦታ ላይ የሚቆሙ የእርሾ ዝርያዎችን ሰበሰበ። ይህ እርሾ የሚራባው ከጎኑ እምቡጥ በማውጣት በመሆኑ፣ ሕዋሱ የት ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ በማይክሮስኮፕ የእምቡጡን መጠን ማየት ይበቃ ነበር። ሲዲሲ28 የተባለው ዘረመል የተበላሸባቸው ሕዋሳት ጨርሶ እምቡጥ ሳያወጡ ቆሙ፤ ዘረመሉ የዑደቱን መጀመሪያ የሚፈቅድ ካይኔዝ የሚሠራ መሆኑም በኋላ ተረጋገጠ። ፖል ነርስ ደግሞ በ1893 ከምሥራቅ አፍሪካ ባህላዊ ቢራ ተለይቶ በወጣው፣ እምቡጥ ሳያወጣ መሐል ለመሐል በሚከፈለው ሌላ የእርሾ ዓይነት ላይ ሲሠራ የዚያኑ ካይኔዝ አቻ ሲዲሲ2ን አገኘ፤ በ1987ም ከሥራ ባልደረባው ከሜላኒ ሊ ጋር የሰው ዘረመል በእርሾው ውስጥ ገብቶ የሲዲሲ2ን ሥራ ሊተካ እንደሚችል አሳየ። ሃርትዌልና ነርስ፣ ሳይክሊን የተባሉትን የካይኔዙን አጋር ፕሮቲኖች ካገኘው ከቲም ሃንት ጋር፣ በ2001 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

በሲዲሲ28 የሚሠራው ይህ ካይኔዝ ብቻውን ሥራ ፈት ነው፤ ከሳይክሊን ጋር ሲጣመር ይነቃል፣ የሚያከናውነውም እንደ ተጣመረው ሳይክሊን ዓይነት ይለያያል። እርሾው ዲኤንኤ ከመቅዳቱ በፊት፣ የካይኔዙ ኃይል ገና ዝቅተኛ ሳለ፣ ቅጂው በሚጀመርባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ኤምሲኤም የተባለው የፕሮቲን ቀለበት ይጫናል። ከዚያ ሲክ1 የተባለው አጋጅ ፕሮቲን በራሱ በካይኔዙ ፎስፌት ተለጥፎበት ይፈርሳል፤ የካይኔዙ ኃይል ከፍ ይላል፤ ሲዲሲ7 የተባለ ሌላ ካይኔዝም ቀለበቱ ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ መቅዳቱ ይጀመራል። የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። መቅዳቱን ያስጀመረው ያው ካይኔዝ በዚያው ኃይሉ አዲስ ቀለበት እንዳይጫን ይከለክላል፦ የጫኚዎቹ አንዱ የሆነውን ሲዲሲ6ን ያስፈርሳል፣ ያልተጫኑ ቀለበቶችንም የዲኤንኤው ማደሪያ ከሆነው ከኒውክለስ ያስወጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተቀዳ ቦታ ሕዋሱ ተከፍሎ ካይኔዙ እስኪረጋ ድረስ ዳግመኛ አይቀዳም። የሰው ልጅ ሥራ ሲሠራ ለፍጥነትና ለጥንቃቄ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመድባል፤ እርሾው ሁለቱንም ለአንድ ኢንዛይም ሰጥቷል።

ለአነጋገራችን ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ ግን ቴድ ዋይነርትና ሃርትዌል በ1988 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ጤነኛ እርሾ ዲኤንኤው በኤክስሬይ ሲጎዳ ትልቅ እምቡጡን እንደያዘ ይቆማል፤ ጠግኖ ሲጨርስ ይከፈላል። ራድ9 የተባለው ዘረመል የጎደለው እርሾ ግን ጉዳቱን ተሸክሞ መከፈሉን ይቀጥላል፣ ጥቂት ጊዜ ተከፋፍሎም ይሞታል። ይህ እርሾ የሞተው መጠገን ስላልቻለ ነው ወይስ ስላልጠበቀ? ተመራማሪዎቹ ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱት ክሮች እንዳይሠሩ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጥተው ሕዋሳቱን በግድ ለጥቂት ሰዓታት አቆሙአቸው፤ መድኃኒቱ ሲነሣ በሕይወት የተረፉት ቁጥር በግልጽ ጨመረ። የመጠገኛ ኢንዛይሞቹ ከመጀመሪያውም ነበሩ፤ የጎደለው ተራን መጠበቅ ብቻ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ጉዳቱን ቀድሞ የሚሰማው ሜክ1 የተባለ ካይኔዝ ሲሆን፣ ራድ9 መልእክቱን ራድ53 ወደተባለው ሌላ ካይኔዝ ለማሻገር ይረዳል።

አነጋገሩና እርሾው የሚለያዩበትም ቦታ አለ። በእህሉ ቤት ያፈሰሰ ሰው ይለቅማል፣ ኪሳራው ጊዜና ጉልበት ነው። ሳይጠግን የተከፈለ ሕዋስ ግን የሚለቅመው የለውም፤ የጠፋው የክሮሞዞም ቁራጭ አይመለስም። በሌላ በኩል ችኮላ ሁሉ አይገድልም። ነርስ ባጠናው፣ መሐል ለመሐል በሚከፈለው እርሾ ውስጥ ዊ1 የተባለው ካይኔዝ በሲዲሲ2 ላይ ፎስፌት ለጥፎ የመከፈያውን ሰዓት ያዘገያል፤ ነርስ ዊ1 የጎደላቸውን እርሾዎች ሲመለከት ጤነኛው ከሚከፈልበት 14 ማይክሮሜትር ርዝመት ግማሽ ያህሉ ላይ የሚከፈሉ፣ ነገር ግን የሚኖሩና የሚራቡ ሆነው አገኛቸው። ከተከፈሉ በኋላ ዲኤንኤ መቅዳት እስኪጀምሩ ረዘም አድርገው ስለሚያድጉ የቸኮሉበትን ያካክሳሉ። ሚክ1 የተባለው ረዳቱም አብሮ ሲጠፋ ግን መካካሻው አይበቃም፤ ሕዋሱ ዲኤንኤውን ቀድቶ ሳይጨርስ ለመከፈል ይሞክርና ይሞታል።

የካንሰር ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞት ፈልገውት ዊ1ን የሚያግዱ መድኃኒቶችን በሕሙማን ላይ ሞክረዋል። ሐሳቡ ዲኤንኤው አስቀድሞ የተጎዳበትን የካንሰር ሕዋስ ሳይጠግን እንዲከፈል አስገድዶ መግደል ነው። ጤነኞቹ የሰውነት ሕዋሳት፣ በተለይም በመቅኔ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉት፣ የራሳቸው ዊ1 ስላላቸው መድኃኒቱ እነርሱንም ይነካል፤ ከሙከራዎቹ ዋና ችግሮች አንዱ የመድኃኒቱን መጠን እነርሱ በሚችሉት ልክ ማቆየት ነው።