ውድ የኬዝ ፋን ለባሕር ዳር ኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩና ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ዴስክቶፕ ሲያስገጥሙ ከሚከራከሩባቸው ዕቃዎች አንዱ የኬዝ ፋን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ሣጥን (ኬዝ) ላይ ተገጥሞ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ማራገቢያ ነው። በአንድ በኩል ከኬዙ ጋር አብሮ የሚመጣው ወይም በርካሽ የሚሸጠው ተራ ፋን አለ፤ በሌላ በኩል እንደ ኦስትሪያው ኖክቱዋና እንደ ጀርመኑ ቢ ኳየት ያሉ አምራቾች የሚያቀርቧቸው፣ ዋጋቸው የተራውን ሦስት አራት እጥፍ የሚደርስ ፋኖች አሉ። በመካከል ደግሞ እንደ አርክቲክ ፒ12 ያሉ፣ በዋጋ ወደ ተራው፣ በሥራ ወደ ውዱ የሚጠጉ ይገኛሉ። ውዱን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገር ስላለበት፣ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው። ስለነዚህ ፋኖች ከሚነገረው ውስጥ ብዙው ግማሽ እውነት ያለበት በመሆኑ ለማረም አስቸጋሪ ነው።

«ውድ ፋን ኮምፒውተሩን በጣም ያቀዘቅዘዋል»

ፋን አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ከሆነ፣ በኬዙ ውስጥ ያለውን አየር ከ30 ዲግሪ በታች ሊያወርድ የሚችል ፋን የለም፤ ፋኑ ማድረግ የሚችለው የኬዙ አየር ከክፍሉ አየር የሚሞቅበትን ልዩነት ማጥበብ ብቻ ነው። መጠናቸው እኩል የሆነና በእኩል ፍጥነት የሚሽከረከሩ ደህና መካከለኛ ፋንና ውድ ፋን ሲነጻጸሩ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚታየው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም። ውዱ በእርግጥ የሚበልጠው ያንኑ አየር በአነስተኛ ድምፅ በማንቀሳቀሱና ድምፁም ጆሮ የሚወጋ ሲርታ የሌለው በመሆኑ ነው። እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው ለጸጥታ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ጸጥታው ለማን እንደሚጠቅም ነው። ፔዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሌሊት ከኮምፒውተሩ አጠገብ የሚተኛ ተማሪ ወይም ድምፅ የሚቀርጽ ባለሙያ ይጠቀምበታል። ባጃጅ ሲርመሰመስ በሚውልበት መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒና ኅትመት የሚሠራ ሱቅ ግን ያንን ገንዘብ ለቀለም ቢያውለው ይሻለዋል።

«በኢንተርኔት ያየሁት የሙከራ ውጤት እዚህም ያው ነው»

ይህ አመለካከት ብዙም የማይጠረጠር በመሆኑ ከሁሉም የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ወደ ባሕር ጠለል በቀረቡ ከተሞች ሲሆን፣ ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ አየሩም በተመሳሳይ ሙቀት በዚያው መጠን የሳሳ ነው። አንድ ፋን በተወሰነ ፍጥነት ሲሽከረከር በሰዓት የሚገፋው ሜትር ኩብ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት እንጂ የያዘው ቦታ ስላልሆነ፣ እዚህ ያለው ፋን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሥራ ላይ 300 ዋት የሚያመነጭ ኮምፒውተር ቢኖርና በኬዙ ውስጥ በሰዓት 85 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍ፣ ባሕር ጠለል ላይ የሚወጣው አየር ከገባው በ11 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን 13 ዲግሪ ይጠጋል። የሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነቱ ብዙ ሰው ውድ ፋን ገዝቶ አገኛለሁ ከሚለው ጥቅም ጋር የሚቀራረብ ነው። የሳሳው አየር ውዱንም ርካሹንም እኩል ስለሚነካ በብራንድ አይካካስም፤ የሚካካሰው ተጨማሪ አየር በማሳለፍ፣ ማለትም አንድ ፋን በመጨመር ወይም ኬዙ ከፈቀደ በ120 ሚሊሜትር ፋን ቦታ የ140ውን በመግጠም ነው። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ነፋሱ ላብ ያለበትን ሰው ቢያቀዘቅዝም፣ ለማያልበው ፕሮሰሰር ዋናው ነገር ወደ ኬዙ የሚገባው አየር ስንት ዲግሪ እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ነው።

«ካርቶኑ ላይ የአየር ቁጥሩ የበዛው ይሻላል»

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን ፋኑ ፊቱም ኋላውም ክፍት ሆኖ ሲሽከረከር የተለካ ነው። ኬዝ ውስጥ ግን ከፊቱ የአቧራ ማጣሪያና የተበሳ ላሜራ፣ አንዳንዴም የውኃ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ስላለ፣ በተግባር የሚያልፈው አየር ከተጻፈው በእጅጉ ያንሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚለየው የፋኑ ግፊት ነው፤ ውዱ ፋን ዋጋውን በትክክል የሚያስመሰክረውም እዚህ ላይ ነው። በ2018 የወጣው የኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 በክንፎቹ ጫፍና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ተራ ፕላስቲክ በሙቀትና በሽክርክሪት ኃይል ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ፣ አምራቹ ክንፉ ፍሬሙን እንዳይነካ ሰፋ ያለ ክፍተት ለመተው ይገደዳል፤ ግፊት ሲበረታም አየሩ በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ይመለሳል። ውዱ ፋን የሚሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ የሚከላከለው ይህንን ነው። ስለዚህ ፋኑ የሚገጠመው በራዲያተር ወይም በፕሮሰሰር ሂትሲንክ (ሙቀት በሚያወጣው የብረት ክፍል) ላይ ከሆነ ውዱን ማሰብ ያስኬዳል፤ በኬዙ ጀርባ ባዶ ወንፊት ላይ የሚገጠም ከሆነ ግን ብልጫው ብዙም አይታይም። የድምፅ ቁጥርን በተመለከተ ደግሞ፣ አምራቾች የሚለኩበት ሁኔታ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የአንዱን ዲሲቤል ከሌላው ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

«ፋን በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ሁለት ከፊት አስገቢ፣ አንድ ከኋላ አስወጪ ሆነው ሲገጠሙ አብዛኛው ጥቅም ተገኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ፋን የሚያመጣው ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። ቁጥሩ ከመብዛቱ ይልቅ አስገቢው ከአስወጪው ማየሉ ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ትርፍ አየር በኬዙ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት የሚበዛው አቧራ በማጣሪያው በኩል ካልሆነ በቀር በየስንጥቁ አይሳብም።

«ውድ ፋን አቧራ አይዝም»

ይይዛል። የአንድ በጋ አቧራ ያየ ፋን ሲፈታ፣ ክንፎቹ አየሩን በሚሰነጥቁበት ጠርዝ ላይ ግራጫ ጭረት ተጋግሮ፣ ማጣሪያውም በቀጭን ብርድ ልብስ የተሸፈነ መስሎ ይገኛል፤ በዚህ ላይ ብራንድ ለውጥ የለውም። የተደፈነ ማጣሪያ ያለው ኬዝ ላይ ውድ ፋን ከመግጠም በፊት ማጣሪያውን ማጠብ ነጻ ነው። በብሎወር ሲጸዳ ክንፉን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልተያዘ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ተሽከርክሮ ኩሽኔታው ይጎዳል።

«150,000 ሰዓት ስለሚል ዕድሜ ልክ ያገለግላል»

ለፋኑ ዕድሜ የሚጠቀሰው 150,000 ሰዓት ሲሰላ ሳያቋርጥ 17 ዓመት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በብዙ ፋኖች ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ አማካይ ግምት እንጂ፣ በእጅ ላለው ለአንዱ ፋን የተሰጠ ቃል ኪዳን አይደለም። የዕድሜው እውነተኛ ልዩነት ያለው ኩሽኔታው ላይ ነው። በርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ዘንጉ በዘይት በራሰ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ስለሚሽከረከር፣ ሙቀት ዘይቱን ሲያደርቀው መንጫጫት ይጀምራል፤ በኬዙ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ሲገጠም ደግሞ ቶሎ ይበላል። ዘይቱ ታሽጎ የሚዘዋወርበት ፈሳሽ ኩሽኔታና ባለ ሁለት ኳስ ኩሽኔታ ይህንን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ፈሳሽ ኩሽኔታ ግን ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ፋኖችም ላይ አለ። የኖክቱዋ የስድስት ዓመት ዋስትና መልካም ነገር ቢሆንም፣ በሻንጣ ለመጣ ዕቃ ዋስትናውን ከባሕር ዳር ሆኖ ለመጠቀም የሚወጣው ወጪና ድካም አብሮ መታሰብ አለበት። በእኔ አስተያየት በውዱ ዋጋ ሁለት መካከለኛ ፋን ገዝቶ አንዱን ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ እዚህ ከዋስትናው ይበልጣል።

«መብራት ሲሄድና ሲመጣ ርካሹ ይቃጠላል»

ፋኑ የሚሠራው ፓወር ሰፕላዩ በሚሰጠው 12 ቮልት ስለሆነ፣ የመስመሩ መዋዠቅ በቀጥታ አይደርስበትም። ጉዳቱን በቅድሚያ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ለዚህ የታሰበ ገንዘብ ካለ ወደ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ወደ ስታብላይዘር ወይም ወደ ዩፒኤስ ይሂድ። ውድ ፋን የኤሌክትሪክ ክፍያ ይቀንሳል የሚለውም ቦታ የለውም፤ ፋን በአብዛኛው የሚወስደው ጥቂት ዋት ነው።

«ርካሽ ፋን ሁልጊዜ ይጮኻል»

አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ከፋኑ ርካሽነት ሳይሆን ያለ ቁጥጥር በሙሉ ፍጥነት ከመሽከርከሩ ነው። በፋን አሠራር የታወቀው ስሌት እንደሚያሳየው፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ1,500 ዙር ወደ 1,000 ማውረድ አየሩን በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስም ድምፁን በ9 ዲሲቤል ገደማ ያወርዳል፤ ጆሮ ደግሞ የ10 ዲሲቤል ቅናሽን ግማሽ እንደሆነ አድርጎ ይሰማዋል። ባለ አራት ሽቦ ፋን ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ፣ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ቀስ ብሎ እንዲዞር ማዘዝ ይቻላል። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር በቀጥታ በሚሰኩትና ፍጥነታቸው በማይስተካከለው ፋኖች ርካሽነት ግን መታለል አያስፈልግም። ፍጥነቱ ተስተካክሎ፣ ማጣሪያው ታጥቦ፣ ብሎኖቹ ጠብቀው ሌሊት ላይ አሁንም የሚረብሽ ድምፅ ካለ፣ እያንዳንዱን ፋን በየተራ ማቆምና ድምፁ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ጩኸቱ የግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ስለሚገኝ፣ የኬዝ ፋን ምንም ያህል ውድ ቢሆን አያስቀረውም።