በቅርጫት ኳስ አንድ ዳኛ የባልደረባውን ውሳኔ መሻር ይችላል?

ባጭሩ፣ አይችልም። ግራ የሚያጋባው ግን ውሳኔ ሲቀየር በዓይናችን ማየታችን ነው። አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ሮጦ ይመጣል፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ከዚያ ኳሱ ለሌላኛው ቡድን ይሰጣል። ታዲያ ይሄ መሻር አይደለም?

አይደለም። ኳሱ ከመስመር ወጣ እንበል። ቅርብ ያለው ዳኛ ለሰማያዊ ብሎ ጠቆመ፤ የአንዱ ተጫዋች ጀርባ ስለከለለው ግን የሰማያዊው ጣት ጫፍ ኳሱን መጨረሻ ላይ ሲነካ አላየም። ከማዶ የቆመው ባልደረባው ጥርት አድርጎ አይቶታል። ያኔ ጨዋታው ሳይቀጥል ፈጥኖ ፊሽካ ነፍቶ ይጠጋና «ሰማያዊ ነክቶታል» ይለዋል። የሰጠው መረጃ ነው፣ ውሳኔ አይደለም። ተቀብሎ አቅጣጫውን የሚቀይረው መጀመሪያ የነፋው ዳኛ ራሱ ነው። ባልደረባው ከሩቅ ሆኖ በተቃራኒው ቢጠቁም ግን ጥሩ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ የቱን ይመኑ?

ካልተስማሙስ? በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ የመጨረሻው ቃል የዋናው ዳኛ ነው።

ፋውል ላይ ነገሩ ይከብዳል። ግፊያው ያስቀጣል አያስቀጣም የሚለው የዳኛው ግምት ስለሆነ፣ «እኔ ብሆን አልነፋም ነበር» የሚል አስተያየት መረጃ አይባልም። የተወረወረው ኳስ 2 ነጥብ ነው ወይስ 3፣ ፋውሉን የሠራው የትኛው ቁጥር ነው የሚሉት ግን በእይታ የሚለዩ ናቸው፤ ያየ ዳኛ ዝም ማለት የለበትም።

ለማይገባው ተጫዋች ቅጣት ምት ማስመታት ደግሞ የራሱ የእርማት ደንብና የጊዜ ገደብ አለው፣ ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ።